ከፋብሪካው ሥር ያለው ውኃ

ዘጋቢ ፕሮግራም፦ የቴሌቪዥን ትረካ

ክፍል 1፦ የማይታይ ብክለት

ምስል፦ የፋብሪካ ግቢ ከአየር ላይ። የቁፋሮ ማሽን ሲሠራ፤ ከጉድጓዱ የሚወጣ ጭቃና የድንጋይ ፍርፋሪ።

ተራኪ፦ የከርሰ ምድር ውኃ በአፈር ቅንጣቶች መካከልና በድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኝ ውኃ ነው። ዝናብና ወንዝ ወደ ታች እየሰረጉ ይመግቡታል። እሱም ከፍ ካለው ወደ ዝቅ ወዳለው ስፍራ በዝግታ እየተጓዘ በምንጭ፣ በወንዝ ዳርቻ ወይም በጉድጓድ ይወጣል። የጉዞው ፍጥነት እንደሚያልፍበት አፈርና ድንጋይ ይለያያል። በአሸዋና በጠጠር ውስጥ ቶሎ ያልፋል፤ በሸክላ አፈር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ በቀን ብዙ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

የፋብሪካ ኬሚካል ወደዚህ ውኃ የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የተቀበረ የነዳጅ ታንክ ይዝግና ያፈሳል። የፍሳሽ ቱቦ መጋጠሚያው ይላላል። ወለሉ ያልተለበጠ የፍሳሽ ኩሬ ቀን ከሌት ወደ ታች ያሰርጋል። በርሜል በሚራገፍበት ቦታ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየፈሰሰ ዓመታት ይቆጠራሉ።

ወንዝ ሲበከል ቀለሙ፣ ሽታው ወይም የሞተው ዓሣ ይናገራል። የከርሰ ምድር ውኃ ሲበከል ግን ከላይ የሚታይ ለውጥ ላይኖር ይችላል። ከጉድጓዱ የተቀዳው ውኃ ጥርት ብሎ፣ ጣዕሙም ሳይለወጥ የጤና ጉዳት የሚያስከትል ኬሚካል ሊይዝ ይችላል። ከፋብሪካው ሥር ያለውን ለማወቅ በተገቢው ቦታ ጉድጓድ መቆፈር፣ በተገቢው መንገድ ናሙና መውሰድና ይህንኑ ለዓመታት መደጋገም ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ በወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቁጥር የሚያሳስት ይሆናል፤ ያንን ውኃ የሚጠጣው ሰውም በዚያ ቁጥር ተማምኖ ይኖራል።

ክፍል 2፦ የሂንክሊ መንደር

ምስል፦ የሞሃቪ በረሃ፤ ገላጣ ሜዳ፣ የእርሻ ማሳና የተራራቁ ቤቶች። ካርታ፦ የካሊፎርኒያ ግዛት።

ተራኪ፦ ሂንክሊ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሞሃቪ በረሃ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ውኃ የሚያገኙት ከግቢያቸው ጉድጓድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የተፈጥሮ ጋዝን በረጅም ቱቦ የሚገፋ የመጭመቂያ ጣቢያ በመንደሯ አቅራቢያ ሥራ አስጀመረ። ጋዝ ሲጨመቅ ስለሚግል ጣቢያው ውኃ የሚያዘዋውሩ የማቀዝቀዣ ማማዎች ነበሩት። የማማዎቹ ብረት እንዳይዝግ ከውኃው ጋር ክሮሚየም 6 ይቀላቀል ነበር። ከማማዎቹ የሚወጣው ፍሳሽ እስከ 1964 ድረስ ወለላቸው ባልተለበጠ ኩሬዎች ውስጥ ይፈስ ነበር።

ክሮሚየም በተፈጥሮ በብዛት የሚገኘው በሁለት መልክ ነው። ክሮሚየም 3 በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ክሮሚየም 6 ግን ይሟሟል፣ ውኃው በሄደበትም አብሮ ይሄዳል። በትንፋሽ ሲገባ የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል በሠራተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዝ ጥናት ፕሮግራም ውጤትም በመጠጥ ውኃ የተሰጣቸው አይጦች ካንሰር እንደያዛቸው አሳይቷል።

በሂንክሊ ብክለቱ ለሚመለከተው የግዛቱ የውኃ ቁጥጥር ቦርድ የተነገረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987 ነው። ኩሬዎቹ ፍሳሽ መቀበል ካቆሙ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ክሮሚየሙ ከውኃው ጋር ወደ ሰሜን እየተጓዘ በመኖሪያ ቤቶች ሥር አልፏል። ነዋሪዎቹ ባቀረቡት ክስ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1996 የ333 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ፤ ታሪኩም በ2000 ፊልም ተሠርቶበት በዓለም ታወቀ። ለውኃ ባለሙያዎች ግን ዋናው ሥራ ከካሣው በኋላም ቀጥሏል። ብክለቱ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚያበቃ የሚታወቀው ከጉድጓዶች በሚወሰድ ናሙና ብቻ ነውና።

ክፍል 3፦ ከቁፋሮ በፊት የሚደረግ ጥናት

ምስል፦ አሮጌ የፋብሪካ ፕላን፣ የአየር ፎቶግራፎች፣ የግዢ መዝገብ።

ተራኪ፦ ሥራው የሚጀምረው በመዝገብ ቤት ነው። ፋብሪካው መቼ ተቋቋመ? ምን አመረተ? የትኛውን ኬሚካል፣ በምን ያህል መጠን ገዛ? ፍሳሹ የት ይደፋ ነበር? የቀድሞ ፕላን፣ የአየር ፎቶግራፍ፣ የግዢ ሰነድና ለረጅም ጊዜ የሠሩ ሠራተኞች ምስክርነት አንድ ላይ ይታያሉ። ዛሬ መጋዘን የቆመበት ቦታ ከ30 ዓመት በፊት የፍሳሽ ኩሬ የነበረበት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች በአንድ ሥዕል ላይ ይሰፍራሉ፦ የብክለቱ ምንጭ፣ የሚጓዝበት መንገድና በመጨረሻ የሚደርስበት ሰው፣ እንስሳ ወይም ወንዝ። የሚፈለጉት ኬሚካሎች ዝርዝር የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ሰልፋይድና ጨው ይጠበቃሉ። ከነዳጅ ማከማቻ ቤንዚንን የመሰሉ ተናኝ ኬሚካሎች፣ ከባትሪ ሥራ እርሳስና አሲድ፣ ብረታ ብረት ከሚጸዳበት ወርክሾፕ ደግሞ ትራይክሎሮኤቲሊንን የመሰሉ ቅባት ማስለቀቂያ ፈሳሾች ይጠበቃሉ።

የኬሚካሉ ጠባይ የት እንደሚፈለግ ይወስናል። ነዳጅ ከውኃ ስለሚቀል በከርሰ ምድር ውኃው ወለል ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ትራይክሎሮኤቲሊን ደግሞ ከውኃ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች እየሰመጠ ሸክላ ወይም ጠጣር ድንጋይ ላይ እስኪያርፍ ይወርዳል። ለመጀመሪያው ጉድጓዱ የውኃውን ወለል መያዝ አለበት፤ ለሁለተኛው ወደ ጥልቁ መድረስ አለበት።

ምስል፦ ካርታ፦ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ ወበርን ከተማ።

ተራኪ፦ ላቦራቶሪ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት በወበርን ከተማ ጂ እና ኤች የተባሉ ሁለት ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሕዝብ የመጠጥ ውኃ ሲያቀርቡ ነበር። በዘመኑ በነበረው መደበኛ ምርመራ ትራይክሎሮኤቲሊን አይፈለግም ነበር። በ1979 በአካባቢው የተጣሉ በርሜሎች ከተገኙ በኋላ ይህ ኬሚካል ሲመረመር በአንደኛው ጉድጓድ በሊትር 267 ማይክሮግራም ተገኘ፤ ሁለቱም ተዘጉ። ዛሬ አሜሪካ ለመጠጥ ውኃ የምትፈቅደው መጠን በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው።

ክፍል 4፦ ጉድጓዱ የት ይቆፈር?

ምስል፦ በካርታ ላይ ሦስት ነጥቦች፤ በመካከላቸው የውኃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት።

ተራኪ፦ ድስት በሁለት ጉልቻ እንደማይቆም ሁሉ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት አቅጣጫም በሁለት ጉድጓድ አይታወቅም። ውኃው ወዴት እንደሚያዘነብል ለማስላት በአንድ መስመር ላይ ያልተደረደሩ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። የእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ በቀያሽ ይለካል፤ ከአፉ እስከ ውኃው ያለው ጥልቀትም ውኃ ሲነካ ድምፅ በሚያሰማ የመለኪያ ገመድ ይለካል። ከከፍታው ጥልቀቱ ሲቀነስ የውኃው ከፍታ ይገኛል። ሦስቱ ቁጥሮች ሲነጻጸሩ ውኃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይታወቃል። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ስሕተት አቅጣጫውን ሊገለብጥ ስለሚችል ሁሉም ጉድጓዶች በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ ቢለኩ ይመረጣል።

አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ጉድጓድ ከፋብሪካው በላይ፣ ውኃው ገና ወደ ግቢው ሳይገባ ይቆፈራል። ሌሎቹ ከታች፣ ውኃው ግቢውን አልፎ በሚወጣበት በኩል ይቆፈራሉ። አሜሪካ አደገኛ ቆሻሻ ለሚይዙ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው ደንብ በትንሹ አንድ ከላይ፣ ሦስት ከታች እንዲሆኑ ያዛል። የላይኛው ጉድጓድ ውኃው ሲገባ ምን ይዞ እንደነበር ይናገራል፤ የታችኞቹ ፋብሪካው ምን እንደጨመረበት ይናገራሉ። የላይኛው ከሌለ ፋብሪካው ባልበደለው ሊከሰስ፣ የበደለውንም ሊክድ ይችላል።

አቅጣጫው በራሱ ቋሚ አይደለም። በአቅራቢያ ያለ ትልቅ የእርሻ ወይም የከተማ ጉድጓድ በኃይል ሲሳብ ውኃውን ወደ ራሱ ይጎትታል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁም የውኃው ከፍታ ይለዋወጣል። ስለዚህ የውኃ ከፍታ ልኬት ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት ይደገማል።

ክፍል 5፦ የክትትል ጉድጓድ አሠራር

ምስል፦ የጉድጓድ ቁመታዊ ሥዕል፤ ቧንቧ፣ ማጣሪያ፣ አሸዋ፣ ቤንቶናይትና ሲሚንቶ በየደረጃቸው።

ተራኪ፦ የክትትል ጉድጓድ ዓላማ ውኃ ማምረት ሳይሆን እውነት ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜ ቧንቧው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። የታችኛው ክፍል ቀጫጭን ስንጥቆች ያሉት ማጣሪያ ሲሆን ውኃ የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። በማጣሪያው ዙሪያ የታጠበ አሸዋ ይሞላል። ከአሸዋው በላይ ውኃ ሲነካው የሚያብጠው ቤንቶናይት የተባለ ሸክላ ይጨመራል። ከዚያ እስከ ላይ ድረስ በሲሚንቶ ይደፈናል። አፉም በሚቆለፍ የብረት ክዳን ይዘጋል።

እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ምክንያት አለው። ቤንቶናይቱና ሲሚንቶው ከጎደሉ በግቢው ላይ የሚፈሰው ቆሻሻ በቧንቧው ጎን ተንሸራትቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብክለትን ለመከታተል የተቆፈረው ጉድጓድ ራሱ የብክለት መንገድ ይሆናል። ማጣሪያው ከመጠን በላይ ሲረዝም ደግሞ የተበከለው ቀጭን ንብርብር ከንጹሁ ውኃ ጋር ይቀላቀልና በላቦራቶሪ የሚገኘው መጠን ከእውነተኛው ያንሳል። የክትትል ጉድጓድ ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሜትር የማይበልጠው ለዚህ ነው። ሕዝብ የሚጠጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙ ንብርብሮችን አቋርጠው ስለሚስቡ ለክትትል ብቻቸውን አይበቁም።

ቁፋሮው ሲያልቅ በጉድጓዱ የቀረው ጭቃና ደቃቅ አፈር ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይሳባል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ እንዲረጋጋ ጊዜ ይሰጠዋል። ቆፋሪው በየሜትሩ ያገኘው የአፈርና የድንጋይ ዓይነት ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ይህ መዝገብ ከሌለ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ናሙናው ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም።

ክፍል 6፦ የናሙናው ቀን

ምስል፦ ጓንት ያጠለቀ እጅ የጉድጓድ ክዳን ሲከፍት። ትንሽ ፓምፕ፣ ቀጭን ቱቦ፣ የመለኪያ መሣሪያ።

ተራኪ፦ በጉድጓድ ቧንቧ ውስጥ ለሳምንታት የቆመ ውኃ በዙሪያው ያለውን ውኃ አይወክልም። ከአየር ጋር ተገናኝቷል፤ ተናኝ ኬሚካሎቹ ወጥተዋል፤ ብረቱ ዝጎ ዘቅጧል። ስለዚህ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ይህ ውኃ መወገድ አለበት።

ነባሩ ዘዴ በጉድጓዱ ውስጥ ካለው ውኃ ሦስት እጥፍ መሳብ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሊትር ያህል ይይዛል። 10 ሜትር ውኃ ያለበት ጉድጓድ 20 ሊትር ይዟል ማለት ነው፤ ሦስት እጥፉ 60 ሊትር ይሆናል። ይህ ውኃ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል መሬት ላይ አይደፋም፤ በበርሜል ተይዞ ውጤቱ እስኪታወቅ ይቀመጣል።

ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ሁለተኛው ዘዴ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የፓምፑ አፍ በማጣሪያው መሐል ይቀመጥና በደቂቃ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ብቻ ይስባል። ውኃው በኃይል ስለማይናወጥ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የነበረ ደለል አይነሣም። ደለል በተነሣ ጊዜ በላዩ ላይ የተጣበቀው ብረት በናሙናው ውስጥ ገብቶ ውጤቱን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል። ገመድ በታሰረበት መቅጃ ከላይ እየነከሩ መቅዳት ርካሽ ቢሆንም ይህን ጉዳት ያመጣል፤ ተናኝ ኬሚካሎችንም ያባክናል።

ምስል፦ የመለኪያ መሣሪያው መስኮት፤ ቁጥሮች ሲለዋወጡና ሲረጉ።

ተራኪ፦ ትኩስ የከርሰ ምድር ውኃ መምጣቱ የሚታወቀው በመለኪያ ነው። ቱቦው አየር በማይገባበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያልፋል፤ በዕቃው ውስጥ ሙቀት፣ ፒኤች፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ችሎታ፣ የሟሟ ኦክሲጅንና ድፍርስነት በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ይነበባሉ። ፒኤች በሦስት ተከታታይ ንባቦች ከ0.1 በላይ ሳይለዋወጥ፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ከ3 በመቶ በላይ ሳይዋዥቅ ሲቀር፣ የተቀሩትም ሲረጉ፣ ናሙናው ይወሰዳል። ቁጥሮቹ ሳይረጉ በጥድፊያ የተሞላ ጠርሙስ ላቦራቶሪው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አይታረምም።

ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው እጅግ ንጹሕ ነው ተብሎ ከሚታሰበው ጉድጓድ ነው፤ ወደ ቆሸሸው የሚሄደው በመጨረሻ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጓንት ይቀየራል። ፓምፑ በሳሙናና በተጣራ ውኃ ይታጠባል፤ ቱቦውም በአዲስ ይተካል። የመኪና ሞተር ከናሙናው ቦታ ራቅ ብሎ ይጠፋል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ወደ ጠርሙሱ ከገባ የነዳጅ ብክለት ያለ ያስመስላልና።

ክፍል 7፦ ከጉድጓድ እስከ ላቦራቶሪ

ምስል፦ ልዩ ልዩ ጠርሙሶች፣ መለያ ወረቀት፣ በረዶ የተሞላ አይስ ቦክስ።

ተራኪ፦ ለእያንዳንዱ የኬሚካል ዓይነት የተለየ ጠርሙስ አለ። በቅድሚያ የሚሞላው የተናኝ ኬሚካሎቹ ነው፤ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ የአየር አረፋ ሳይቀርበት ጢም ተደርጎ ይሞላል። ብልቃጡ ሲገለበጥ አረፋ ከታየ ይጣላል፤ ኬሚካሉ ወደ አረፋው ተንኖ ይገባልና። ለሟሟ ብረታ ብረት ውኃው በመስኩ ላይ 0.45 ማይክሮን በሆነ ማጣሪያ ያልፍና ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ እንዳይጣበቅ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል።

ክሮሚየም 6 ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሲድ ከተጨመረበት ወደ ክሮሚየም 3 ሊለወጥና የለም ሊባል ይችላል። ስለዚህ የሚወሰደው በተለየ ጠርሙስ ነው። ማቆያ ኬሚካል ካልተጨመረበት በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ፒኤቹን ከ9 በላይ የሚያቆይ ቅይጥ ከተጨመረበት ግን እስከ 28 ቀን ሊቆይ ይችላል። ላቦራቶሪ በሩቅ ከተማ ለሚገኝበት አገር ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ጠርሙሶቹ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቆዩ በበረዶ ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ የጉድጓዱ መለያ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የወሰደው ሰው ስም ይጻፋል። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪም ተቀባይም በርክክብ ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። ይህ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ከተበጠሰ ውጤቱ በፍርድ ቤት ጭምር ሊረታ ይችላል።

ሥራው ራሱን የሚፈትንበት መንገድም አለው። ከየጥቂት ጉድጓዱ አንዱ ናሙና መንታ ሆኖ ይወሰድና ላቦራቶሪው ሳያውቅ በሌላ መለያ ይላካል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለ። ንጹሕ ውኃ የተሞላ ብልቃጥ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሳይከፈት ከናሙናዎቹ ጋር ይመለሳል፤ በእሱ ውስጥ ኬሚካል ከተገኘ ብክለቱ የገባው በመንገድ ላይ ነው። በታጠበው ፓምፕ ውስጥ ያለፈ ንጹሕ ውኃም እንዲሁ ይመረመራል።

ክፍል 8፦ ቁጥሮቹን ማንበብ

ምስል፦ የላቦራቶሪ ውጤት ሰንጠረዥ፤ የዓመታትን ለውጥ የሚያሳይ ግራፍ።

ተራኪ፦ የአንድ ቀን ውጤት የአንድን ቀን ነገር ይናገራል። ብክለት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ለመለየት ናሙናው በተለያዩ ወቅቶች፣ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ በየሦስት ወሩ መደጋገም ይኖርበታል። ላቦራቶሪው አልተገኘም ሲል ዜሮ ማለቱ አይደለም፤ መሣሪያው ሊለይ ከሚችለው መጠን በታች ነው ማለቱ ነው። ያ የመለያ መጠን ከመጠጥ ውኃ ደረጃው በላይ ከሆነ አልተገኘም የሚለው ቃል ለማንም ዋስትና አይሰጥም።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ የተፈጥሮ መነሻ መጠን ስንት ነበር የሚለው ነው። ክሮሚየም በአንዳንድ ድንጋዮች ውስጥ በተፈጥሮው አለ፤ ያለ ምንም ፋብሪካ ወደ ውኃ ሊገባ ይችላል። በሂንክሊ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው ጥናት መሠረት የተፈጥሮ መነሻው ከፍተኛ መጠን በሊትር 3.1 ማይክሮግራም ተባለ። የብክለቱ ድንበር በካርታ ላይ የተሠመረው በዚህ ቁጥር ነበር። በመስመሩ ውስጥ የወደቀ ቤትና ከመስመሩ ውጭ የቀረ ቤት ዕጣቸው ተለያየ። በኋላ የጥናቱ ዘዴ ጥያቄ ተነሣበት፤ መለኪያ የሆኑት ጉድጓዶች በትክክል የተፈጥሮውን ውኃ መወከላቸው አጠራጠረ።

አዲሱን ጥናት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በተመራማሪው ጆን ኢዝቢኪ መሪነት አካሄደ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። ተመራማሪዎቹ በክሮሚየም መጠን ብቻ አልተመሩም። የድንጋዩን ዓይነት፣ የውኃውን ዕድሜ፣ የአይሶቶፕ ምልክቶችንና የውኃውን ኬሚስትሪ አንድ ላይ አዩ። የተፈጥሮ መነሻው እንደየቦታው የሚለያይ ሆኖ አገኙት። ከጣቢያው የወጣው ክሮሚየም የያዘው ቦታም ወደ 14 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተገመተ። በቀድሞው ቁጥር ተመርቶ በአንድ ወቅት በካርታ የተከለለው ከፍተኛው ስፋት 21 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ጣቢያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የክሮሚየም መነሻ መጠን ስላልተለካ ይህን ጥያቄ ለመመለስ አሥርት ዓመታት ፈጁ።

ክፍል 9፦ በጽዳት ወቅት የሚደረግ ክትትል

ምስል፦ የአልፋልፋ ማሳ በመስኖ ሲጠጣ፤ የኬሚካል መጨመሪያ ጉድጓዶች።

ተራኪ፦ ጽዳት ሲጀመር ክትትሉ ይበልጥ ይጠናከራል። በሂንክሊ በተበከለው ንብርብር ውስጥ ኤታኖል በጉድጓድ እንዲገባ ተደረገ። የአፈር ውስጥ ባክቴሪያዎች ኤታኖሉን ሲመገቡ ኦክሲጅኑ ያልቅና ክሮሚየም 6 ወደ ክሮሚየም 3 ተለውጦ ከአፈሩ ጋር ይጣበቃል። በሌላ በኩል የተበከለው ውኃ ተስቦ የአልፋልፋ ማሳ ይጠጣበታል፤ በሥሩ ዙሪያ ባለው አፈር ውስጥም ተመሳሳይ ለውጥ ይከናወናል።

ይህ ዘዴ የራሱ መዘዝ አለው። ኦክሲጅን ሲጠፋ በድንጋዩ ውስጥ ታስረው የነበሩ ማንጋኒዝ፣ ብረትና አርሴኒክ ሊለቀቁ ይችላሉ። ስለዚህ የክትትል ጉድጓዶቹ ከክሮሚየም ሌላ እነዚህንም ይመረምራሉ፤ አንዱን መርዝ ለማስወገድ ሲባል ሌላው እንዳይተካ። ካሊፎርኒያ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለክሮሚየም 6 በሊትር 10 ማይክሮግራም የሚል ወሰን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች።

ክፍል 10፦ በአቃቂና በሞጆ ሥር

ምስል፦ የእንጦጦ ተራራ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ እስከ አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች። የሞጆ ወንዝ።

ተራኪ፦ ክሮሚየም ለኢትዮጵያ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በአብዛኛው በክሮሚየም 3 ጨው ነው። ይህ ዓይነቱ የከፋ ባይሆንም በአፈር ውስጥ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ሲያገኝ የተወሰነው ክፍል ወደ ክሮሚየም 6 ሊለወጥ ይችላል። ቆዳ ፋብሪካዎች በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርና በሞጆ ከተማ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም መጠን በሊትር 50 ማይክሮግራም ነው።

የአዲስ አበባ አቀማመጥ ጉዳዩን ያከብደዋል። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ በጥቅሉ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ያመራል። የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ለከተማዋ ከፍተኛ መጠን ያለው የመጠጥ ውኃ የሚያቀርብ ሲሆን የሚገኘው በዚሁ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ከተማዋና የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ከእሱ በላይ ተቀምጠዋል። ውኃው የተጠራቀመው በስንጥቃማ ባዛልትና ስኮሪያ በሚባለው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። በብዙ ስፍራ ላዩን የሸፈነው ጥቁር የመረሬ አፈር ሸክላው የበዛ ስለሆነ ብረታ ብረትን ይይዛል፤ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። አፈሩ በሳሳበት፣ ለግንባታ በተጠረገበትና በበጋ በሚሰነጠቅበት ቦታ ግን ጥበቃው ይቀንሳል።

በስንጥቃማ ድንጋይ ውስጥ ብክለት በአሸዋ ውስጥ እንደሚሆነው ዝርግ ሆኖ አይስፋፋም። ስንጥቁን ተከትሎ ይሄዳል፤ አንዱን ጉድጓድ ነክቶ በ50 ሜትር ርቀት ያለውን ሊዘል ይችላል። ስለዚህ በኢትዮጵያ የክትትል ጉድጓድ ቦታ ሲመረጥ የስንጥቆቹ አቅጣጫ መጠናት አለበት፤ ጉድጓዶቹ በዛ ማለት አለባቸው፤ ከፋብሪካው በታች ያሉ ምንጮችም እንደ ተፈጥሮ የክትትል ጣቢያ መመርመር አለባቸው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፍሎራይድ በተፈጥሮው ከፍተኛ ስለሆነ የመነሻው መጠን ሳይለካ ፋብሪካን መክሰስም ነጻ ማውጣትም አይቻልም።

ምስል፦ የነጋሪት ጋዜጣ ገጾች። የክትትል ጉድጓድ ክዳን ሲቆለፍ።

ተራኪ፦ የሕግ መሠረቱ ተጥሏል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ያስገድዳል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ተጽዕኖው እንዲጠና ያዛል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች የራሳቸውን የክትትል ሥርዓት እንዲዘረጉና መዝገብ እንዲይዙ ይጠይቃል።

እነዚህ ሕጎች ፍሬ የሚያፈሩት በሥራ ሲተረጎሙ ነው። አዲስ ፋብሪካ መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ከላይና ከታች የክትትል ጉድጓዶች ሊኖሩት ይገባል፤ ቢያንስ የአንድ ዓመት ክረምትና በጋ የተወሰደ የመነሻ ናሙናም በመዝገብ መያዝ አለበት። በነባር ፋብሪካ ዙሪያ ያለው ሥራ ከፋብሪካው ታሪክ ጥናት ይጀመራል። ላቦራቶሪዎች ክሮሚየም 6ን በጊዜው የሚመረምሩበት አቅም፣ የመስክ ባለሙያዎችም ቁጥሮቹ እስኪረጉ የሚጠብቁበት ጊዜና መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ውጤቱም በመሳቢያ መቀመጥ የለበትም፤ ከፋብሪካው በታች ካለው ጉድጓድ የሚቀዱት ሰዎች ሊያዩት ይገባል። የመነሻ ናሙና ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም፤ ስለዚህ ክትትሉ ከመጀመሪያው የፍሳሽ ጠብታ በፊት መጀመር አለበት።